ከፕሮግራም ፋይል የወጣ አይከን ለምን ይደበዝዛል?

አንድ ጠያቂ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «ከአንድ የዊንዶውስ ፕሮግራም ላይ አይከኑን በአጭር የፓወርሼል (የዊንዶውስ የጽሑፍ ትእዛዝ መስጫ) ትእዛዝ አወጣሁና ፒኤንጂ በተባለው የሥዕል ፋይል ዓይነት አስቀመጥሁት። ለሾርትከት ልጠቀምበት ኤክስቴንሽኑን (የፋይሉን ስም መጨረሻ) የአይከን ፋይል መለያ ወደሆነው አይሲኦ ብለውጠው ዊንዶውስ በፋይሉ ውስጥ አይከን የለም አለኝ። በመቀየሪያ ፕሮግራም አይሲኦ ሳደርገው ተቀበለኝ፤ ዴስክቶፕ ላይ ግን በጣም ደብዝዞ ይታያል። ምን አጠፋሁ?»

ችግሩ የመጣው አይከኑን እንደ አንድ ሥዕል በመቁጠርዎ ነው። አይከን የሥዕሎች ጥቅል ነው። በደንብ በተሠራ ፕሮግራም ውስጥ ያው አንዱ ምልክት በ16፣ በ32፣ በ48 እና በ256 ፒክስል ስፋት ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፤ ዊንዶውስም እንደሚያሳይበት ቦታ የሚስማማውን ይመርጣል። እርስዎ የተጠቀሙበት ዓይነት ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው 32 በ32 የሆነውን አንዱን ብቻ ስለሆነ፣ ያንን በትልቁ ለማሳየት ዊንዶውስ ሥዕሉን መለጠጥ ግድ ይሆንበታል። በየትኛውም የሥዕል ማስተካከያ ቢያሳድጉት፣ መጀመሪያ ያልነበረ ዝርዝር አይመጣም።

የኤክስቴንሽኑም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የአይሲኦ ፋይል የሚጀምረው በውስጡ ስንት ሥዕል እንዳለ በሚናገር የ6 ባይት መግቢያ ነው፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ሥዕል ስፋቱን፣ ቁመቱን፣ የቀለም ጥልቀቱን እና የሚጀምርበትን ቦታ የሚገልጽ 16 ባይት ይከተላል። ስፋቱ የሚጻፍበት ቦታ አንድ ባይት ብቻ ስለሆነና አንድ ባይት ከ255 በላይ ስለማይዝ፣ 256 ፒክስል የሆነው ሥዕል በዚያ ቦታ 0 ተብሎ ይመዘገባል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ይህ ትልቁ ሥዕል በፒኤንጂ ተጨምቆ በጥቅሉ ውስጥ መግባት ስለሚችል፣ ብዙ ሰው ፒኤንጂና አይሲኦ የስም ልዩነት ብቻ ያላቸው ይመስለዋል፤ ስም መለወጥ ግን ያንን መግቢያ አይፈጥርም።

ስለዚህ ጥቅሉን በሙሉ ማውጣት ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ እኔ የማስቀድመው ሪሶርስ ሀከር የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ነው። በመጀመሪያ የፕሮግራሙን ፋይል ኮፒ አድርገው ወደ ሌላ ፎልደር ይውሰዱና ኮፒውን ይክፈቱ፤ ዋናው ፋይል በስሕተት ተለውጦ ቢቀመጥ ዲጂታል ፊርማው ይበላሻል። በግራ በኩል «አይከን» እና «አይከን ግሩፕ» የሚሉ ሁለት ክፍሎች ይታዩዎታል። በመጀመሪያው ውስጥ እያንዳንዱ ሥዕል በየቁጥሩ ተበታትኖ ተቀምጧል፤ ሁለተኛው የትኞቹ ሥዕሎች የአንድ አይከን እንደሆኑ ይዘረዝራል። ከአይከን ግሩፕ ውስጥ የሚፈልጉትን መርጠው በቀኝ ክሊክ በአይሲኦ ያስቀምጡ። ግሩፖቹ ብዙ ከሆኑ፣ ዊንዶውስ የፕሮግራሙ መለያ አድርጎ የሚያሳየው የመጀመሪያውን ነው። ፋይል መጭመቂያው ሰቨን ዚፕም እንዲህ ያሉ ፋይሎችን ከፍቶ ሥዕሎቹን ያሳያል፤ ነገር ግን አንድ በአንድ ነጣጥሎ ስለሚያወጣቸው ለእርስዎ ጉዳይ አይመችም።

በፋይሉ ውስጥ አይከኑ ካልተገኘ፣ ሾርትከቱን በቀኝ ክሊክ ከፍተው ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያም ቼንጅ አይከን ይበሉ፤ አይከኑ የሚመጣበት ፋይል አድራሻ ከላይ ተጽፏል። የዊንዶውስን የራሱን አይከኖች የሚፈልግ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል፦ በ2019 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ቨርዥን 1903 ወዲህ፣ ቀድሞ በሼል32 እና በኢሜጅሬስ ዲኤልኤል ፋይሎች (ፕሮግራሞች በሚጋሯቸው የዊንዶውስ ፋይሎች) ውስጥ የነበሩት ሥዕሎች ሲስተም ሪሶርስስ ወደተባለው ፎልደር፣ ኤምዩኤን የሚል ኤክስቴንሽን ወዳላቸው ፋይሎች ተዛውረዋል።

ያወጡትን ፋይል ጊምፕ በተባለው የሥዕል ማስተካከያ ቢከፍቱት እያንዳንዱ መጠን እንደ አንድ ሌየር (ንብርብር) ሆኖ ይታያል፤ 256 የሆነው ከመካከላቸው ካለ ድብዛዜው ይጠፋል። ፋይሉን ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ አይተዉት፤ ሾርትከቱ የሚይዘው የፋይሉን አድራሻ ብቻ ስለሆነ፣ ፎልደሩን ባጸዱ ዕለት አይከኑ አብሮ ይጠፋል።