መልስ፦ ወንድሜ ለሰዓታት ይንገዳገድና ይተወዋል፤ አባታችንም እንዲሁ ነበሩ። የሚጥል በሽታ ነው?

ራሱን ሳይስት እየተንገዳገደና አንደበቱ እየተሳሰረ ቆይቶ ደህና የሚሆን ከሆነ፣ አባታችሁም ስለነበረባቸው፣ ኤፒሶዲክ አታክሲያ (እየተነሳ የሚያልፍ ሚዛን ማጣት) የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም መጠርጠር አለበት። ከወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው።

የዓይነቶቹ ዋና መለያ የቆይታው ርዝመት ነው። ዓይነት 1 ከሴኮንድ እስከ ደቂቃዎች ይቆያል፤ ድንጋጤና ድንገተኛ እንቅስቃሴ ይቀሰቅሱታል፣ ጡንቻም ከቆዳ ሥር ይርገበገባል። የወንድምህ ግን ዓይነት 2ን ይመስላል፦ ከሰዓታት እስከ ቀናት ይዘልቃል፣ ጭንቀት፣ ድካም፣ መጠጥና ቡና ያስነሱታል፣ በደህናው ጊዜም ዓይኑ ወደ ጎን ሲያይ ሊርገበገብ ይችላል። ስለዚህ ሲነሳበት አረማመዱንና ዓይኑን በስልክ ቅረጽ። ሐኪሙ ጋ ሲደርስ አልፎለት ደህና ስለሚሆን፣ ከቪዲዮው የተሻለ ማስረጃ አይኖራችሁም።

ለዓይነት 2 ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መድኃኒት አሴታዞላማይድ ነው። የ250 ሚሊግራም ክኒን ግማሽ፣ ማለትም 125 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ መጠኑን የሚወስነው ግን የነርቭ ሐኪሙ ነው። ጣት ሊያደነዝዝ፣ የኩላሊት ጠጠርም ሊያመጣ ይችላል፤ ውኃ በብዛት ይጠጣ። የኩላሊት ሕመም ወይም የሰልፋ አለርጂ ካለበት አስቀድሞ ይናገር።

አንድ ጎኑ ከዛለ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰደው።