የፍሪጅ መዳብ ለፍሬን አይሆንም

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፈው። እ.ኤ.አ. የ1988 ቢኤምደብሊው 325አይ አለኝ። የኋላው የፍሬን ቱቦ ዝጎ ሲያንጠባጥብ መካኒኩ የበሰበሰውን ቆርጦ በፍሪጅ መዳብ ቀጠለልኝ። ሰሞኑን ከደጀን ወደ ዓባይ ስወርድ ፔዳሉ ሰመጠ፤ ቆሜ ሳቀዘቅዘው ተመለሰ። ቱቦውን በሙሉ ልቀይር? በምን?

መልስ፦ እስኪሠራ ድረስ መኪናውን ወደ በረሃው አያውርዱት። ያጋጠመዎት ሁለት ችግር ነው።

ቀዝቅዞ የተመለሰው ፔዳል የፍሬን ዘይቱ እንደፈላ ይጠቁማል። ከደጀን እስከ ወንዙ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ፍሬን ተይዞ ሲወረድ የዲስኩ ሙቀት በፒስተኑ በኩል ዘይቱ ዘንድ ይደርሳል፤ የፈላው ዘይት እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ይሰምጣል። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም። 3.7 በመቶ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ 1 ሊትር የታሸገ ዶት 4 ይግዙ። በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠውን አይንኩት፤ ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ዘይት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። ቁልቁለቱንም በ2ኛ ማርሽ ይውረዱ።

የበለጠ የሚያስፈራኝ ቅጥያው ነው። የፍሪጅ ባለሙያ የቱቦውን አፍ የሚያሰፋው በአንድ እጥፍ ነው፤ ያ አፍ በኃይል ሲረገጥ የሚመጣውን ከ100 ባር ያላነሰ ግፊት እንዲይዝ አልተሠራም። ንጹሕ መዳብም በንዝረት ብዛት ይጠጥርና አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያውጡት። አንዱ ጎን ከዛገ ሌላውም እኩያው ነውና ሁለቱንም ይቀይሩ።

የምመርጥልዎ ኩፕሮኒኬል ነው፦ 90 በመቶ መዳብ፣ 10 በመቶ ኒኬል፣ የውጭ ስፋቱ 4.75 ሚሊ ሜትር። አይዝግም፣ በእጅ ይታጠፋል። የተቀባ ብረትም ጥሩ ነው፤ ማጠፉ ብቻ ያስቸግራል። የማይዝግ ብረት ቱቦ ግን ጠንካራ ስለሆነ አፉ ከመቀመጫው ጋር በደንብ አይገጥምም፤ አልመክረውም።

አሁን ብዙ ጋራዥ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። መካኒኮቻችን እጃቸው የለመደው ቶዮታ ነው። የቶዮታ ቱቦ አፍ ወደ ውስጥ ሁለት ጊዜ የታጠፈ ነው፤ የእርስዎ መኪና የሚፈልገው እንደ አረፋ ክብ ሆኖ ያበጠውን አፍ ነው። ችግሩ የሁለቱም ዳዶ ጥርስ ኤም10 በ1.0 (ውፍረቱ 10፣ የጥርሱ ርቀት 1 ሚሊ ሜትር) መሆኑ ነው። የቶዮታው አፍ ቢኤምደብሊው ላይ ይገባል፣ ይጠብቃል፣ ለጊዜውም ይይዛል፤ ከመቀመጫው ጋር ግን በትክክል ስለማይገናኝ ሲረገጥ ያልባል። መካኒኩ እንደገና ያጠብቀዋል፣ በመጨረሻ መቀመጫው ይበላሻል። አሮጌውን ቱቦ እንደ ናሙና ይዘው ይሂዱ፤ አዲሱ አፍ ከእሱ ጋር ካልተመሳሰለ አያስገጥሙ።

ርዝመቱን በቀጭን ሽቦ ይለኩ። ቱቦውን በቱቦ መቁረጫ ይቁረጡ፤ መጋዝ ብናኝ ይተዋል። አፉን ከማውጣትዎ በፊት ዳዶውን ማስገባት እንዳይረሱ። በአየር ይንፉት። ቤንዚን አይጠቀሙ፣ ጎሚኒውን ያሳብጣል። ዳዶውን በተከፈለው የቱቦ መፍቻ (11 ቁጥር) ይያዙ፤ ተራ መፍቻ ጠርዙን ያከበዋል። ጥብቀቱ 15 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል። ካላበ ላላ አድርገው መልሰው ያጥብቁት፤ አሁንም ካላበ አፉን ቆርጠው እንደገና ያውጡ። ቱቦውን በየ30 ሳንቲ ሜትሩ በቀድሞ መያዣዎቹ ላይ ይሰኩት፣ ከጭስ ማውጫው ያርቁት።

የጎማ ቱቦዎቹንም አብረው ይቀይሩ። በውስጥ ያበጠ ጎማ ዘይቱን ያስገባና መመለሱን ይከለክላል፤ ያ ጎን ፍሬን እንደያዘ ይቀርና ይግላል። ከመንገድ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይበልጥ የሚግል ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይጠርጥሩ።

አየሩን ሲያወጡ ከቀኝ ኋላ ጀምረው ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት ይሂዱ። ፔዳሉ ሥር እንጨት ያስቀምጡ፦ እስከ ወለሉ ከተረገጠ የማስተሩ (ፔዳሉ የሚገፋው የፍሬን ፓምፕ) ጎሚኒ ለዓመታት ያልነካው ሻካራ ቦታ ላይ ይቀደዳል። ቀለም ላይ የፈሰሰውን ወዲያው በውኃ ያጥቡ። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ አንድ ሰው ፔዳሉን በኃይል ለ30 ሰከንድ ይያዝ፤ እርስዎ እያንዳንዱን ዳዶ በደረቅ ሶፍት ይንኩ። ሶፍቱ ከረጠበ መኪናው ከግቢ አይወጣም። ደረቅ ከሆነ ከተማው ውስጥ ሜዳ ላይ ይፈትኑት፤ ከሳምንት በኋላ መገጣጠሚያዎቹን ደግመው ያዩና ወደ ዓባይ ይውረዱ።