ኮርኒንግ የመስታወት ሙዚየም በዊንተር ያዋጣል ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ልጆቹ ዕረፍት ሲሆኑ፣ ሊጠይቁሽ የመጡትን እናትሽንም ይዘሽ፣ ኒውዮርክ ስቴት ያለው ኮርኒንግ የመስታወት ሙዚየም ለመሄድ አስበሻል። ባለቤትሽ ደግሞ «በዚህ ብርድ መስታወት ለማየት ማን ይሄዳል? ሰመር ይድረስና እንሄዳለን» ብሏል። የኔ መልስ አጭር ነው፦ አሁን ሂዱ። እኔ በሰመርም በዊንተርም አይቼዋለሁ። ምረጥ ብባል ዊንተርን ነው የምመርጠው። ምክንያቴን ግን በደንብ ላስረዳሽ፣ ለባለቤትሽም ታነቢለታለሽ።

ዋናው ነገር ብርሃን ነው። ሥዕል ብርሃን ሲያርፍበት ይታያል። መስታወት ግን ብርሃኑን ወደ ውስጡ ያስገባዋል፣ አቅጣጫውን ያስቀይረዋል፣ ቀለም ሰጥቶ በሌላ በኩል ያወጣዋል። የቀኑ ብርሃን ሲለወጥ ዕቃውም አብሮ ይለወጣል። በ2015 የተከፈተው የዘመናዊ ጥበብ ክንፍ የተሠራው ይሄ ታስቦበት ነው። የነደፈው አርክቴክት ቶማስ ፋይፈር ይባላል። ጣሪያው የቀን ብርሃን ያስገባል፤ ከጣሪያው ሥር የተደረደሩ ቀጫጭን የኮንክሪት ቢሞች ደግሞ ብርሃኑን ያለዝቡታል። ግድግዳው ነጭ ነው፣ እየታጠፈ ይሄዳል እንጂ ማዕዘን አታገኚበትም። ወደ ውጭ የሚያሳይ ሰፊ መስኮትም አለው። በሰመር በዚያ መስኮት የሚታየው አረንጓዴ ሣር ነው። በዊንተር በረዶ ሲጥል ግን ውጩም ነጭ፣ ውስጡም ነጭ ይሆናል። ያኔ በቦታው ላይ ቀለም ያለው ነገር የመስታወት ሥራው ብቻ ነው። ይሄን በፎቶ ማየት አይቻልም፣ መሄድ ነው።

እዚያ ከምወዳቸው ሥራዎች አንዱ የካረን ላሞንት ቀሚስ ነው። በ2004 የተሠራ፣ ከነሻሹ ሙሉ በሙሉ መስታወት የሆነ የራት ግብዣ ቀሚስ ነው። ቀሚሱ አለ፣ የለበሰችው ሴት ግን የለችም። ቀረብ ብለሽ እዪው። ከውጭ የጨርቁ እጥፋት አንድ በአንድ ይታያል፤ የት እንደተጨማደደ፣ የት ወደ ታች እንደወረደ። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ስትዪ ደግሞ ዓይንሽ በመስታወቱ ያልፍና ከውስጥ የሰውነቷ ቅርጽ ይመጣል። መልሰሽ ስትራመጂ ይጠፋል። እናትሽ ቶሎ ወደ ሌላው የሚያልፉ አይመስለኝም። ለልጆቹ ደግሞ የካትሪን ግሬይን ሥራ አሳዪያቸው። ተራ የመጠጥ ብርጭቆዎችን በመደርደሪያ ላይ ደርድራ ነው ዛፎች የሠራችው። ከሩቅ ጫካ ነው፣ ሲጠጉት የብርጭቆ መደርደሪያ። ድሮ የመስታወት ምድጃ የሚነደው በእንጨት ስለነበር ስንት ጫካ እንደበላ ካወቅሽ ሥራው ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። የፍሬድ ዊልሰን ቻንደሊየርም አለ፣ ከላይ ጥርት ብሎ ይጀምርና ወደ ታች ሲወርድ እየጠቆረ ጥቁር ይሆናል። ሙዚየሙ ዕቃዎቹን አልፎ አልፎ ስለሚያቀያይር ከመሄድሽ በፊት ድረ ገጹን እዪ።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይሄ ነው፦ በጠዋት ግቡ፣ መጀመሪያም ወደዚህ ክንፍ ሂዱ። በሩ በ9 ሰዓት ይከፈታል፣ በአሜሪካ ሰዓት ነው የምልሽ። በዲሴምበር ፀሐይ 5 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ደመና ካለ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ ብርሃኑ ይደክማል። ብዙ ሰው ታሪኩን በቅደም ተከተል ልይ ብሎ ከጥንቱ ይጀምራል። እዚህ ክንፍ ሲደርስ ቀኑ መሽቶበታል፣ እሱም ደክሞታል። የጥንቱ ክፍል የሚታየው በመብራት ነው፣ ውጭ ቢጨልምም ምንም አይጎድልበትም። እሱን ለከሰዓት አቆዩት።

ሁለተኛው ምክንያቴ እሳቱ ነው። ሙዚየሙ ውስጥ ባለሙያዎች ሰው ፊት መስታወት ሲሠሩ ይታያል። በረዶ ረግጣችሁ ገብታችሁ ምድጃው ፊት መቀመጥን የመሰለ ነገር የለም፣ በተለይ ለእናትሽ። የፊተኛው ረድፍ ላይ ቦታ ያዙ፣ ሙቀቱ እዚያ ድረስ ይሰማል። ምድጃው 2,100 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ ነው። ባለሙያው ረጅም የብረት ቱቦ ያስገባና የቀለጠውን መስታወት እንደ ማር ጠቅልሎ ያወጣዋል። ብርቱካንማ ሆኖ ያበራል። ቱቦውን ማሽከርከር ለአፍታ ካቆመ መስታወቱ ወደ አንድ ጎን ይወርዳል፣ ስለዚህ እጁ አያርፍም። እየነፋ፣ እያሽከረከረ፣ ሲቀዘቅዝበት መልሶ ወደ እሳት እያስገባ ይቀጥላል። ልጆቹ እንዲያዩት የምፈልገው ቀለሙ ሲለወጥ ነው። ብርቱካንማው ቀስ እያለ ይጠፋና መስታወቱ ጥርት ይላል። የቀዘቀዘ ይመስላል፣ ግን ገና እጅ የሚያቃጥል ነው። ሥራው ካለቀ በኋላም ዝም ብሎ አይቀመጥም። 900 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ ወዳለው ሌላ ምድጃ ይገባና እዚያ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ በቀስ ይቀዘቅዛል። ቶሎ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል።

ውጭ ብርዱን ቀምሶ ለገባ ሰው ደግሞ የሙዚየሙን ግማሽ ታሪክ መረዳት ይቀለዋል። ምክንያቱም ይሄ ሁሉ የብርድና የሙቀት ታሪክ ነው። ድሮ የባቡር ሠራተኞች ለምልክት የሚጠቀሙበት ፋኖስ ነበር። ከውስጥ እሳት፣ ከውጭ ዝናብና በረዶ። የሞቀው ጎን ልስፋ ሲል፣ የቀዘቀዘው ጎን ልጥበብ ሲል፣ መስታወቱ ድንገት ይሰነጠቅ ነበር። ምልክት ከጠፋ ባቡር ይጋጫል። እዚያው ከተማ ያለው መስታወት ሠሪ፣ የኮርኒንግ ኩባንያ፣ ሳይንቲስቶች ሲሞቅ ብዙ የማይሰፋ መስታወት የሠሩት ለዚህ ነው። ከዚያ በ1913 ቤሲ ሊትልተን የምትባል ሴት፣ ባሏ እዚያው ኩባንያ የሚሠራ ሳይንቲስት ነው፣ ከዚህ መስታወት የተሠራ የባትሪ ማሰሮ ታቹ ተቆርጦ ቤት መጣላት፤ እሷም ኬክ ጋገረችበት። ኬኩ በደንብ በሰለ። በ1915 ፓይሬክስ የሚባለው የመጋገሪያ መስታወት ገበያ ላይ ወጣ። ዛሬ ኦቨን ውስጥ የምናስገባው ሳህን ዘሩ ከባቡር ፋኖስ ነው ብለሽ ለልጆቹ ስትነግሪያቸው ፊታቸውን እዪው።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካው ግን ትልቁ ክብ መስታወት ነው። ወርዱ 200 ኢንች፣ ከ5 ሜትር በላይ ነው። ክብደቱ 20 ቶን። ካሊፎርኒያ ፓሎማር ተራራ ላይ ለሚተከለው ቴሌስኮፕ ታስቦ በማርች 1934 ኮርኒንግ ውስጥ ቀልጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ የፈሰሰ ነው። ያን የማይሰፋ መስታወት የመረጡት ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ የቴሌስኮፑ መስታወት ቅርጹን እንዳይለውጥ ነው፤ ትንሽ ከተለወጠ የኮከቡ ምስል ይበላሻል። ክብደቱን ለመቀነስ ጀርባውን ጉድጓድ ጉድጓድ ለማድረግ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ትንንሽ ሙሌቶች ተተክለው ነበር። መስታወቱ ሲፈስ ከሙቀቱ የተነሳ አንዳንዶቹ ተነቅለው ላይ ተንሳፈፉ። ያ ሁሉ ድካም አልሆነም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ እንደገና አፈሰሱ፣ ሁለተኛውን ለወራት ቀስ አድርገው አቀዘቀዙት፣ በ1936 በባቡር ወደ ካሊፎርኒያ ላኩት። ቴሌስኮፑ በ1948 ተመረቀ። ያልተሳካው የመጀመሪያው ግን አልተጣለም። ሙዚየሙ ውስጥ ቆሞ ይታያል። ፊቱ ቁሚና ከጀርባው ያሉትን ጉድጓዶች እዪ። እኔ በበኩሌ ከእሱ ፊት ቶሎ መነሳት ይከብደኛል። ስንት ሰው ለስንት ጊዜ እንደለፋበት ስታስቢው ዝም ነው የሚያሰኝሽ።

ሦስተኛው ምክንያት የሰው ብዛት ነው። በሰመር ቱሪስት በአውቶቡስ ይመጣል። በዊንተር፣ በተለይ በሥራ ቀን፣ አንድ ዕቃ ፊት የፈለግሽውን ያህል መቆም ትችያለሽ። ይሄ ለትንንሾቹ ዕቃዎች ትልቅ ነገር ነው። ጥንታዊው ክፍል ውስጥ የግብፁ ፈርዖን የዳግማዊ አሜንሆቴፕ ነው የሚባል የመስታወት የራስ ምስል አለ። ቁመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ዕድሜው 3,400 ዓመት ገደማ። መስታወትን በቱቦ መንፋት ገና ባልታወቀበት ዘመን የተሠራ ነው፣ መንፋት የመጣው ከዚያ ከ1,000 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሰው ሲጋፋሽ ብታይው ምንም አይመስልሽም። ብቻሽን ስትሆኚ ግን ከንፈሩን ታያለሽ፣ አገጩን ታያለሽ። ከዚያ ስትወጪ የታዋቂውን አሜሪካዊ የመስታወት ጥበበኛ የቲፋኒን መስኮት እንዳታልፊው። በ1905 ለአንድ ትልቅ መኖሪያ ቤት የተሠራ፣ የሃድሰን ወንዝን ከነአበባው የሚያሳይ ነው። ቀለሙ አብዛኛው ከራሱ ከመስታወቱ የመጣ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፈረንጆች ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ባለው ሳምንት የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ዕረፍት ስለሆነ ዊንተርም ቢሆን ሰው ይበዛል። ያንን ሳምንት ከመረጣችሁ በር ሲከፈት ድረሱ። የልጆችሽ ትምህርት ቤት በፌብሩዋሪ ዕረፍት ካለው እሱ ይሻላል፣ ቀኑም ትንሽ ይረዝማል። የገና ዋዜማ፣ የገና ዕለትና ጃንዋሪ 1 ዝግ ነው።

ስለ መንገዱ ባለቤትሽ የሰጋው እውነቱን ነው። ከኒውዮርክ ከተማ በመኪና ከ4 ሰዓት በላይ ነው፣ አብዛኛው ኮረብታ ለኮረብታ ነው። የአየር ትንበያውን ዓይታችሁ ውጡ፣ የበረዶ ማስጠንቀቂያ ካለ ቀኑን ቀይሩት። በጨለማ አትንዱ። እዚያው አንድ ሌሊት ብታድሩ ለሁሉም ይሻላል።

ስትገቡ መነጽር የሚያደርግ ሰው መነጽሩ ላብ ይሞላበታል፣ የስልክ ካሜራውም እንደዚያው። ወዲያው ፎቶ አታንሱ፣ ትንሽ ይሙቅ። ወፍራም ካፖርታችሁን መግቢያው ላይ የሚቀመጥበትን ጠይቃችሁ አስቀምጡት፤ ዕቃ አጠገብ ሲዞሩ ያበጠ ጃኬት አያስተማምንም። ከሥር ጠቆር ያለ ልብስ ልበሱ። ዕቃዎቹ ብዙዎቹ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ስለሆኑ ነጭ ወይም ደማቅ ልብስ ከለበስሽ የምታዪው ራስሽን ነው፣ ፎቶው ላይም አንቺ ነሽ የምትወጪው። ለእናትሽ መግቢያው ላይ ዊልቸር ጠይቂ። መራመድ ቢችሉም ቦታው ሰፊ ነው፣ ሲደክማቸው ይጠቅማቸዋል።

ከሙዚየሙ ሱቅ ብርጭቆ ወይም ሳህን ከገዛችሁ መኪና ውስጥ አታሳድሩት። ካደረም ቤት አስገብታችሁ በደንብ ሳይሞቅ ትኩስ ነገር አትቅዱበት። የባቡር ፋኖሱን የሰበረው እንዲህ ያለ ድንገተኛ የብርድና የሙቀት ለውጥ ነው።

ልጆቹ ራሳቸው መስታወት እንዲሠሩ ከፈለግሽ አስቀድመሽ ቦታ ያዢ፣ ቶሎ ይሞላል። በየሥራው የዕድሜ ገደብ ስላለው ልጆቹ የሚችሉትን ምረጪ። በእሳት የሚሠራው ሌሊቱን በምድጃ መቀዝቀዝ ስላለበት የሚሰጣችሁ በማግስቱ ነው፤ ወይ በፖስታ ይልኩታል። አስቀድሞ የተሠራ ብርጭቆ ላይ በአሸዋ ቅርጽ የሚያወጡበት ሥራም አለ፣ እሱን ግን ያንኑ ቀን ይዘው ይሄዳሉ። ዕድሜያቸው 17 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች መግቢያ አይከፍሉም፤ የአዋቂው ትኬት ደግሞ ለ2 ተከታታይ ቀን ያገለግላል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ቀን የሥራ ቦታውን ያዙላቸው፣ አድራችሁ በማግስቱ ዕቃቸውን ስትቀበሉ ያላያችሁትን ክፍል በዚያው ትጨርሳላችሁ።