ከሸዋ ሮቢት እስከ መሐል ሜዳ፦ የኮምፒውተርና የስልክ ሙያ ልንማር ላላችሁን እህቶች

ከሰሜን ሸዋ ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል።

«10ኛ ክፍል ጨርሼ ሸዋ ሮቢት ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ኮምፒውተር የለኝም፤ ያለኝ ስልክ ነው። በነፃ የሚሰጠውን የኮደሮች ሥልጠና ልጀምር ወይ?»

እህታችን፣ ጀምሪ። ግን በየትኛው በኩል እንደምትገቢ አስቢበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች (የኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፊዎች) ሥልጠና በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው፤ የዌብ ፕሮግራሚንግ (ድረ ገጽ መሥራት)፣ የአንድሮይድ (የስልክ መተግበሪያ መሥራት)፣ የዳታ ሳይንስ (መረጃ መተንተን) እና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መነሻ ትምህርቶች አሉት፤ ለጨረሰም ሰርተፍኬት ይሰጣል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የአንድሮይዱ ደግሞ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ያለው ኮምፒውተር ስለሚፈልግ ለጊዜው አቆዪው፤ ስልክ ላይ ለመከታተል የሚቀለው የሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ነው።

ጎን ለጎን ስልክሽ ላይ ጉግል ሺትስ የሚባለውን የሠንጠረዥ መተግበሪያ ጫኚ። የቤቱን አስቤዛ ቀን፣ ዕቃ፣ ብዛት፣ ዋጋ ብለሽ በአራት ዓምድ መዝግቢ። ብዛትን በዋጋ ማባዛት፣ የወሩን መደመር፣ ከውድ ወደ ርካሽ መደርደር ተለማመጂበት። የሱቅ ሒሳብ ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በዕረፍት ቀንሽ ኢንተርኔት ቤት አንድ ሰዓት ተቀመጪ፤ የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ ለትየባ ስጪው። ኪቦርዱ ላይ ኤፍና ጄ የሚሉት ቁልፎች ትንሽ ጉጥ አላቸው፤ ሁለቱን ሌባ ጣቶችሽን እዚያ አሳርፊና ወደ ታች ሳታዪ ተይቢ። መጀመሪያ ላይ በሁለት ጣት ከምትተይቢው ይልቅ ትዘገያለሽ። ብዙዎች የሚያቆሙት እዚህ ጋ ነው፤ በሁለት ጣት የቀጠለች ግን ፍጥነቷ ብዙም አይጨምርም። አሠሪዎችም ብትሆኑ ይህቺን አንድ ሰዓት አትንፈጓት።

«ልጄ ስልክ ጥገና ልማር አለችኝ። ለሴት ልጅ ይሆናል? እኔ ደብረ ሲና ጉሊት ነው የምሸጠው።»

እናታችን፣ በደንብ ይሆናል። ስልኳ ውስጥ የልጆቿና የራሷ ፎቶ ያለባት ሴት ለማታውቀው ወንድ ከምትሰጥ ለሴት ባለሙያ ብትሰጥ ትመርጣለች፤ ይህ ለልጅዎ ገበያ ነው። ለጀማሪ ትንንሽ ካቻቢቴዎች፣ ወረንጦ፣ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ሙቀቱ የሚስተካከል ሶልደሪንግ አይረን (የብየዳ ብረት)፣ ሶልደር (ቀልጦ የሚያጣብቀው ሽቦ)፣ ፍላክስ (ሶልደሩ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) እና ደረቅ ብሩሽ ይበቃታል። ሆት ኤሩ (የሞቀ አየር የሚነፋው መሣሪያ) ቆይቶ ይገዛል። መለማመጃ የሚሆኑ የሞቱ ስልኮች ከጥገና ቤቶች በርካሽ ይገኛሉ።

«ቻርጅ አያደርግም» ተብሎ ስልክ ሲመጣ ጀማሪ ወዲያው ወደ ብየዳ ይሮጣል። ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። መጀመሪያ ገመዱና ቻርጀሩ በሌላ ይሞከር። ቀጥሎ ስልኩ ጠፍቶ የቻርጅ ቀዳዳው በባትሪ ብርሃን ይታይ፤ የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆበት ከሆነ በብሩሽ ይወጣል። ከዚያ ባትሪው በመልቲሜትር ይለካ፤ የሞላ 4.2 ቮልት አካባቢ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ያሳያል። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ነው የቻርጅ ቀዳዳው ሶኬት የሚቀየረው። የእርሳስና የቆርቆሮ ቅልቅል ሶልደር በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ አይረኑ ግን 350 አካባቢ ላይ ሆኖ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ብቻ ይነካል። ከቆየ ከቦርዱ ላይ ያለው የመዳብ መስመር ይነሣና ቀላሉ ብልሽት ከባድ ይሆናል። ያበጠ ባትሪ በፍጹም አይወጋ፤ ይቃጠላል። ሶልደሩ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ስላለው ከሥራ በኋላ ሳትታጠብ እንጀራ አትቁረስ።

ከመመዝገብዎ በፊት ማሠልጠኛውን አንድ ነገር ይጠይቁት፦ በአንድ የመሣሪያ ስብስብ ስንት ሰልጣኝ ይሠራል? ከ3 ከበለጡ ልጅዎ ቆማ ተመልካች ናት። ስትጨርስ የብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲ የሚባለውን፣ ትውሰድ፤ ምዘናው የተግባር ክፍል ስላለው እጇን ሳታሠራ አታልፈውም።

«ለጸሐፊነት ተወዳድሬ በፍላሽ ያስገባሁት የአማርኛ ጽሑፍ እነሱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆነ።» — ዓለም ከተማ

የጻፍሽበት ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ የሚያውቁት የፊደል ኮድ) ያልሆነ አሮጌ የግዕዝ ፎንት ነው። ፎንቱ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ፊደሉን አያውቀውም። በፓወር ግዕዝ (በአማርኛ መተየቢያው ፕሮግራም) ስትጽፊ ዩኒኮዱን ምረጪ፤ ፎንትሽም ኒያላ ወይም ኤብሪማ ይሁን። ስታስገቢ ፒዲኤፉንም (ቅርጹ የማይለወጠውን ቅጂ) ጨምሪ።

«በቴሌግራም ከቤት ሆኖ ዳታ የመመዝገብ ሥራ አገኘሁ፤ ለመመዝገቢያ 1,500 ብር በቴሌብር ላኪ አሉኝ።» — ደብረ ብርሃን

አትላኪ! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ አይቀበልም። እውነተኛ ቀጣሪ ይፈትንሻል እንጂ አያስከፍልሽም። የፋይዳ መታወቂያሽን ፎቶና በስልክሽ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥርም አትስጪ። ልከሽ ከሆነ ንግግሩን ሳታጠፊ ስክሪን ሹት አንሺና የግብይት ቁጥሩን ይዘሽ ዛሬውኑ ወደ ፖሊስ ሂጂ። ደግሞ ሥራ ስትገቢ «ሙከራ ላይ ነሽ» እያሉ ወራት የሚያቆዩሽ ካሉ፣ በዚሁ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም።

«ሦስት ጓደኛሞች ዕቁብ ጥለን ያገለገለ ላፕቶፕ ልንገዛ ነው። ምን እንይ?» — መሐል ሜዳ

መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን (የኮምፒውተሩን አንጎል)። ኮምፒውተሩን ከሚያስኬዱት ሥርዓቶች ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያው ቆሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች ውስጥ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ይፈልጋል። አይ5 ከሚለው ቀጥሎ 8250 ካለ 8ኛ ነው፣ 10210 ካለ 10ኛ፤ 7200 ካለ 7ኛ ስለሆነ ይቅርባችሁ። ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ማስቀመጫው ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዓይነት) ይሁን። ባትሪውን ሻጩ ፊት ፈትኑ፦ 100 በመቶ ሲሞላ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ቪዲዮ ለ30 ደቂቃ አጫውቱ፤ ከ25 በመቶ በላይ ከቀነሰ ከሁለት ሰዓት አይዘልቅም፣ በዋጋው ተከራከሩ። እያንዳንዱን የኪቦርድ ቁልፍ ተጫኑ። በመጨረሻም አጥፍታችሁ አስነሡት፤ የማታውቁት የይለፍ ቃል ከጠየቀ ሻጩ እዚያው ካልከፈተላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።