ሲቪልን ትቼ ጂኦሎጂ ልግባ?

የደሴ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ሲቪል ኢንጂነሪንግ 3ኛ ዓመት ትማራለች። እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «በታኅሣሥ 2017 የፈንታሌው መንቀጥቀጥ የዶርም አልጋዬን ሲያወዛውዘው ቶሎ ትዝ ያለኝ ተራራ ሥር ያለው የእናቴ ቤት ነው። መንቀጥቀጥ ተዳፋትን እንዴት እንደሚንድ ማጥናት እፈልጋለሁ። ወደ ጂኦሎጂ ልቀይር? ደግሞስ እንጀራ ያበላል?»

እህቴ፣ ባለሽበት ቆዪ። ይሄ ሥራ የሁለቱ ትምህርቶች ድንበር ላይ ነው ያለው። ከሲቪል የሚመጣው ስሌቱን ይዞ ይመጣል፣ ከጂኦሎጂ የሚመጣው ድንጋዩን። አንቺ የሚጎድልሽ ድንጋዩ ነው። እሱን አንድ ሁለት ኮርስ ጨምረሽ፣ ብዙ በእግርሽ ሄደሽ ታገኚዋለሽ። ከ3ኛ ዓመት እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ግን ምን በወጣሽ!

አንድ ነገር እናጥራ። በሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ ከ200 በላይ ሰው የቀጠፈውን ናዳ ከመንቀጥቀጥ ጋር የሚያያይዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። እሱ የዝናብ ጉዳይ ነው። የመንቀጥቀጡን ከፈለግሽ ወደ ቤትሽ በአውቶብስ የምታልፊበትን ካራቆሬን ጠይቂ። በግንቦት 1953 መሬት ሲንቀጠቀጥ አጠገቧ ያለችው ማጀቴ ፈራረሰች፤ ዋናው መንገድም በናዳና በስንጥቅ ተጎዳ።

ተዳፋት ሁልጊዜ ጉተታ ላይ ነው። ክብደቱ ወደ ታች ይስበዋል፣ የአፈሩ ሰበቃና መጣበቅ ይይዘዋል። የያዘውን ለሳበው ስታካፍዪ ሴፍቲ ፋክተር ይወጣልሻል፤ ከ1 በታች ከሆነ ይሄዳል። መንቀጥቀጥ በዚህ ላይ ወደ ጎን ግፊያ ይጨምራል፣ ለሰከንዶች፣ ወዲህና ወዲያ። አፈሩ ውኃ የጠገበ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ውኃው በዚያች አጭር ጊዜ የሚወጣበት ስለሌለው ግፊቱ ያድጋል፣ የአፈሩ ቅንጣቶች እርስ በርስ መያያዛቸው ይላላል። ስለዚህ ያው መንቀጥቀጥ በየካቲትና በነሐሴ አንድ አይደለም።

ታዲያ ሴፍቲ ፋክተሩ ለሩብ ሰከንድ ከ1 በታች ቢወርድ ተራራው ይናዳል ማለት ነው? የግድ አይደለም። ኒውማርክ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1965 እ.ኤ.አ. ተዳፋቱን ዘንባላ ነገር ላይ እንደተቀመጠ ሣጥን ቆጠረው። ግፊያው ከልክ ሲያልፍ ሣጥኑ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ሲቀንስ ይቆማል። ጥያቄው «ይወድቃል ወይ?» ሳይሆን «በድምሩ ስንት ሴንቲ ሜትር ሄደ?» ሆነ። ይሄ በኤክሴል የሚሠራ ነው። የመመረቂያ ሥራሽ አድርጊው፤ ማንም ሳያዝሽ ደሴ ላይ አንድ ተዳፋት ምረጪ።

ስሌቱ ብቻውን ግን ያሳስታል። በጀማሪነቴ አንድ የመንገድ ሥራ ላይ ቁፋሮ እቆጣጠር ነበር። ከጉድጓዱ የወጣው የድንጋይ ናሙና (ኮር) ሣጥን ውስጥ ተደርድሯል፣ ጥቁር ባዛልት፣ ያማረ። መሀል ላይ የጣት ውፍረት ያለው ቀይ ሸክላ ነበር። «እዚህ ግባ የሚባል አይደለም» ብዬ ሳልመዘግበው አለፍኩ። አለቃዬ ቁጢጥ ብሎ ጭቃውን በጣቱ አሸው፣ ምራቁን ጠብ አደረገበት፣ እንደ ሳሙና አሟለጨ። «ተራራው የሚሄደው በዚህ ላይ ነው፤ አንተ የጻፍከው የማይሄደውን ነው» አለኝ። እስካሁን ያሳፍረኛል። በ2018 እ.ኤ.አ. የጃፓኗ ሆካይዶ ስትንቀጠቀጥ አጹማ አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ ተዳፋቶች የተንሸራተቱት እሳተ ገሞራ ድሮ በተፋው ንብርብር ላይ ነበር። የእኛም ደጋ ባዛልት በባዛልት ላይ ቢሆንም በመሀሉ አመድና ሸክላ አለው።

እንጀራውን በተመለከተ አልዋሽሽም። «የመንቀጥቀጥና የተዳፋት ባለሙያ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ አታገኚም። «ጂኦቴክኒካል ኢንጂነር» ወይም «ማቴሪያል ኢንጂነር» በሚል ነው የሚወጣው፤ መንገድ፣ ግድብና ባቡር ላይ፣ በአማካሪ ድርጅቶች በኩል። የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩትም የናዳ ጥናት ይሠራል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድንኳን፣ አቧራና ቀጭን ደሞዝ ናቸው። ሳይት አልወጣም የምትዪ ከሆነ ከአሁኑ ተዪው። ይልቅ ከመመረቅሽ በፊት ኪውጂአይኤስ (QGIS) የሚባለውን የካርታ ሶፍትዌር ልመጂ፣ ነፃ ነው። የኢንተርንሺፕ ጊዜሽንም ቢሮ ውስጥ አትጨርሺው፤ ቁፋሮ ያለበት ቦታ ለምነሽም ቢሆን ግቢ።

ሥራው መንቀጥቀጡ ሲቆም አያልቅም። ቻይና ውስጥ ዌንቹዋን በ2008 እ.ኤ.አ. ተናወጠች፤ የላላው ድንጋይና አፈር ግን በ2010 እ.ኤ.አ. ክረምት በጎርፍ ተጠርጎ እንደገና ከተሞች ላይ ወረደ።

አሁን ስለ እናትሽ ቤት። ለበዓል ስትሄጂ ከቤቱ በላይ ወጥተሽ ተዳፋቱን እዪው። ዛፎቹ ዘመዋል? አጥሩ ጎብጧል? አዲስ ምንጭ ፈልቋል? መሬቱ ላይ ስንጥቅ ካገኘሽ በግራና በቀኙ ችካል ትከዪ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በመለኪያ ሜትር ለክተሽ ከነቀኑ ጻፊ። እናትሽ በየሳምንቱ ይለኩት፤ ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ የግድ። ከሰፋ ልኬቱን ይዘው ቀበሌ ይሂዱ፣ ማታ ማታም ዘመድ ቤት ይደሩ። ቁጥሮቹን ለእኔም ላኪልኝ።