«እድሳት በተከራይ ይሸፈናል» የሚለው ውል አከራይን ያድናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አቃቂ አካባቢ ከአባቴ የወረስኩት ቤት አለ። የተሠራው በ1963 ዓ.ም ነው። በሮቹና መስኮቶቹ በየጊዜው በዘይት ቀለም ላይ በላይ ተቀብተዋል፤ አሁን ቀለሙ እየተላጠ ነው። ተከራይዋ የሁለት ዓመት ልጅ አላት። ልጁ የወደቀውን ቅርፊት ወደ አፉ ሲያስገባ አይታ «ይሄ አሮጌ ቀለም ሊድ (መርዛማ ብረት) አለበት ይባላል፣ አስነሺልኝ» አለችኝ። ውላችን ግን «ማንኛውም እድሳት በተከራይ ይሸፈናል» ይላል። ግዴታ አለብኝ? ባስነሣውስ ኪራይ መጨመር እችላለሁ?

መልስ፦ ከሕጉ በፊት ልጁ ይቅደም። ተከራይዋ ዛሬ ነገ ሳትል ሐኪም ዘንድ ትውሰደውና የደም ምርመራ ትጠይቅ። ሊድ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳቱም በአብዛኛው አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ መጠን አይታወቅም ይላል። በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ከተገኘ ደግሞ ምንጩ ተፈልጎ ልጁ ከዚያ እንዲርቅ ይመክራል።

ወደ ውሉ ልምጣ። በዚያ አንድ መስመር አይተማመኑ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚመች ሁኔታ ማስረከብና በዚያው ሁኔታ ማቆየት በመሠረቱ የአከራይ ግዴታ ነው። ጥቃቅን ጥገና ለተከራይ ሊሰጥ ይችላል። የተሰበረ ቁልፍ መቀየር አንድ ነገር ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ የተደራረበ ቀለም ማስነሣት ግን ሌላ ነው። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ዳኛ ሁለቱን እኩል ያያቸዋል ብዬ አልጠብቅም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጁ ውሉን አልፈረመም። እሱ ቢጎዳ ጥያቄው ከውል ውጭ ኃላፊነት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል ይላል። አንቀጽ 2077 ደግሞ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ባይታሰብ እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ይህ አንቀጽ ለተላጠ ቀለምም ይሠራል ወይ የሚለው ሊያከራክር ይችላል፤ የልጁ ጠበቃ ግን እንደሚጠቅሰው አልጠራጠርም። እርስዎን ይበልጥ የሚያሳስብዎት አንቀጽ 2028 ነው። ተከራይዋ ነግራዎታለች። ከዛሬ በኋላ «አላወቅኩም» ማለት አይችሉም።

ከሳሽ በበኩሏ ጉዳቱ ከቀለሙ መምጣቱን ማስረዳት አለባት። ይህ ቀላል አይደለም፤ ሊድ ከአሮጌ ባትሪ፣ በየሰፈሩ ቀልጦ ከሚሠራ የአሉሚኒየም ድስትም ይመጣል። የካሳ ክሱም ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (አንቀጽ 2143)። እባክዎ ግን በማስረጃ ክፍተት አይጽናኑ። የበርና መስኮት ወጪ ከአንድ ልጅ አእምሮ ጋር አይነጻጸርም።

ኢንተርኔት ላይ ያነበባችሁ ከሆነ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የሚያከራይ ሰው ስለ ሊድ ቀለም የሚያውቀውን ለተከራዩ አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ያ የእነሱ ሕግ ነው፣ እዚህ አይጠቀስም። እኛ ጋ የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ይህ የሚጠቅምዎት አዲሱን ቀለም ሲገዙ ነው። በተለይ ደማቅ ቢጫና ቀይ የዘይት ቀለም፣ ለብረት የሚቀባውም ቀይ አንቲረስት፣ ሲገዙ ሊድ እንደሌለው ጣሳው ላይ ያንብቡ፣ ሻጩንም ይጠይቁ።

ኪራይ መጨመርን በተመለከተ፣ በራስዎ ፈቃድ አይቻልም። በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ተመን ነው። የውሉም ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ስለዚህ «ስለ ቀለም ነዘነዘችኝ» ብለው ሊያስወጧትም አይችሉም። ውሉን ካላስመዘገቡት ቶሎ ያስመዝግቡ።

አሁን ዋናው ነገር ሥራው እንዴት ይሠራል የሚለው ነው። ቀለም ቀቢው በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ከፋቀው ወይም በእሳት ካቃጠለው ቤቱን ከበፊቱ የባሰ መርዝ ያደርገዋል፤ ያ ደግሞ የእርስዎ ጥፋት ሊባል ይችላል። አስመርምረው ነፃ መሆኑን ካላረጋገጡ ሊድ እንዳለበት ይቁጠሩት። እናትና ልጅ ሥራው እስኪያልቅ ሌላ ቦታ ይደሩ። ወለሉ ላይ ላስቲክ ይነጠፍ፣ እንጨቱ እየረጠበ ይፋቅ፣ ሠራተኛው ደህና ማስክ ያድርግ። ሲያልቅ በመጥረጊያ አይጠረግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሞ ይወልወል፣ ፍቅፋቂው ታስሮ ይወገድ። ያልተላጠው ግድግዳ መነካካት አያስፈልገውም፣ በላዩ ላይ ፕላስቲክ ቀለም መቀባት ይበቃል። በርና መስኮት ግን ሲከፈትና ሲዘጋ ስለሚፋተግ በላዩ መቀባቱ ብዙ አይቆይም። አቅም ካለዎት አሮጌውን በር አስወጥተው አዲስ ያስገጥሙ።

በመጨረሻም ከተከራይዋ ጋር አንድ ገጽ ስምምነት ይጻፉ፦ ሥራው መቼ እንደሚጀመር፣ እነሱ የት እንደሚያድሩ፣ የዚያን ጊዜ ኪራይ ምን እንደሚሆን። እኔ የእነዚያን ቀናት ኪራይ እንዲተዉላት እመክራለሁ። ከሥራው በፊትና በኋላ ፎቶ ያንሡ፣ የቀለሙንና የሠራተኛውን ደረሰኝ ያስቀምጡ። ውሉ ሲታደስ ደግሞ «ማንኛውም እድሳት» የሚለው ወጥቶ የትኛው ጥገና የማን እንደሆነ በዝርዝር ይጻፍ።