ማዲያቱ ለቀቀ፣ ጸጉሩ በቀለ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 29 ነው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ጉንጬና ግንባሬ ላይ ማዲያት ወጣብኝ። መርካቶ ካለ ሱቅ በቱቦ የሚሸጥ ክሬም እየገዛሁ ስምንት ወር ተቀባሁ። መጀመሪያ ፊቴ ጠርቶልኝ ነበር። አሁን ግን አንድ ቀን ሳልቀባ ካደርኩ ይቀላል፣ ያቃጥለኛል፤ ጉንጬም ላይ ለስላሳ ጸጉር በቅሏል። ለጸጉሩ የትኛውን የጸጉር ማንሻ ክሬም ትመክሩኛላችሁ?
ከፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ

መልስ፦ የጸጉር ማንሻውን ለጊዜው ይተዉት። ጸጉሩን ያበቀለው ያው ለማዲያት የሚቀቡት ክሬም ሳይሆን አይቀርም። የቱቦውን ጀርባ ያንብቡ፤ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን የሚል ካገኙ ስቴሮይድ ነው። እነዚህ ለችፌና ለመሰል በሽታ በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው። ፊት ላይ ለወራት ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ደም ሥር ያሳያሉ፣ ብጉር ያወጣሉ፣ ጸጉርም ያበቅላሉ። በሳሳ ቆዳ ላይ የጸጉር ማንሻ መቀባት ማቃጠል ነው፤ የተቃጠለው ቦታ ደግሞ ከማዲያቱ የባሰ ይጠቁራል። ጸጉሩ ካሳፈረዎ በትንሽ መቀስ ይከርክሙት። መከርከምም ሆነ መላጨት ጸጉር አያወፍርም፤ የተቆረጠው ጫፍ ዱልዱም ስለሚሆን ነው ሲነካ የሚሻክረው። ክሬሙ ከቆመ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይረግፋል።

ክሬሙን ግን በራስዎ በአንድ ጊዜ አያቁሙት፤ ቅላቱና ማቃጠሉ ሊብስ ይችላል። ቱቦውን ይዘው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ቆዳ ክፍል ይሂዱ፤ እንዴት እንደሚቆም ሐኪሙ ይነግርዎታል።

ፊትዎ ከተረጋጋ በኋላ ለማዲያቱ 20 ፐርሰንት አዜላይክ አሲድ ጥሩ ነው፤ ለምታጠባ እናትም ይሆናል። የሽምብራ ፍሬ ያህል ለመላው ፊት ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አንድ ምሽት ቀብተው አንዱን ይዝለሉ። ትንሽ መቆንጠጡ ያለ ነው፣ ማበጥ ግን የለበትም። ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው፤ በሳምንት አጠራለሁ የሚል ክሬም በራሱ ሊያስጠረጥርዎ ይገባል።

የጸሐይ መከላከያ ከሌለ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። የመከላከያ መጠኑ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከተቻለም አይረን ኦክሳይድ ያለበት ቀለማም ዓይነት ይሁን፤ ማዲያትን የሚያጠቁረው የሚታየው ብርሃን ጭምር ነውና። ጠቋሚና መካከለኛ ጣትዎ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ ዘርግተው የሚወጣው ያህል ለፊትና ለአንገት ይሆናል። ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የክረምቱ ደመና አያታልልዎት። የወሊድ መከላከያ እንክብል ወይም መርፌ የሚጠቀሙ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሆርሞን የሌለው ሉፕ ይሻል ይሆናል።

ጸጉሩ አገጭና ከንፈር ላይ ወፍራምና ጥቁር ከሆነ፣ የወር አበባም ከተዛባ፣ ነገሩ የሆርሞን ሊሆን ይችላልና የማህፀን ሐኪም ይየው።

የሚገዙት ክሬም ሜርኩሪ፣ ካሎሜል (የሜርኩሪ ውሁድ ነው) ወይም «ከወርቅና ከብር ጌጥ ያርቁ» የሚል ጽሑፍ ካለው አይግዙት። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፣ ፅንስም ላይ ይደርሳል። ስም የሌለው፣ ባለሱቁ ራሱ ቀላቅሎ በዕቃ የሚሸጠውም እንዲሁ። ሃይድሮኪኖንን ደግሞ ያለ ሐኪም አይሞክሩት፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት የማይለቅ ሰማያዊ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጸጉር ማንሻ ክሬም እግሬ ላይ ቀብቼ 20 ደቂቃ ቆየሁ። ቆዳዬ ተላጠ፣ ቦታው ጠቆረ። ምን አጠፋሁ?
ከመንደራ፣ ጅማ

መልስ፦ ሰዓቱን። በክሬሙ ውስጥ ያለው ታዮግላይኮሌት ጸጉር የተሠራበትን ኬራቲን የተባለ ፕሮቲን ይበጣጥሳል፤ ቆዳችንም የተሸፈነው በኬራቲን ነው፣ ስለዚህ ሲቆይ ወደ ቆዳው ያልፋል። ሌላ ጊዜ ከመቀባትዎ ከ24 ሰዓት በፊት የሳንቲም ያህል ቦታ ላይ ይሞክሩት። ከሙቅ ሻወር በኋላ ወዲያው አይቀቡ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ትንሽ ቦታ ጠርገው ይዩ፤ እሽጉ ላይ ከተጻፈው ጊዜ አይለፉ፣ ባብዛኛው 10 ደቂቃ ነው። ካቃጠለዎ ሰዓት ሳይጠብቁ በብዙ ውሃ ይጠቡት። በእርጥብ ጨርቅ ሳይፈትጉ አንስተው ለብ ባለ ውሃ ያለ ሳሙና ያጥቡ፤ ያን ቀን ሎሚም ሽቶም አይንካው። የእግር ክሬም ለፊት አይሆንም። የጠቆረው ቦታ ካልፋቁትና ጸሐይ ካላገኘው በወራት ይደበዝዛል፤ ቁስሉ እስኪድን ቫዝሊን ብቻ ይቀቡት።